የእንግዳው ሰላጤ ዛጎል

ቦልሌ መንደር፣ ጄጁ ደሴት
ኦክቶበር 4 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ ለጆንሲም፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ለቹሶክ በዓል የላኩልን ሹራብ ደርሶናል። ምስጋናዬ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመጻፍ ስቀመጥ የምለው ሁሉ ትንሽ ይመስለኝና እተወዋለሁ።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀውኛል። ስልኩ ያለው የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊው አጠገቤ ቆሞ ይሰማኛል። እርስዎ ሲደውሉም በድምፅ ማጉያው «ቡ ዮንሲል፣ ከቡሳን ስልክ» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ይለፍፋል። ገና ሳልደርስ ፊቴ ይቀላል። በደብዳቤ ይሻለኛል።

አያቴ አሁንም ዛጎል ሊለቅሙ ጠልቀው ባሕር ይገባሉ ወይ ላሉት፣ አዎ ይገባሉ። ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል እንጂ ውሃ ውስጥ ምንም አይላቸውም። ለአሮጊቶቹ የተተወው ጥልቀት የሌለው ባሕራችን ግን ድንጋዩ ነጥቷል፤ ሣር የሚባል አልቀረበትም። የምንሸጠው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሶራም፣ ጠፍቷል። ሌሎቹ አሮጊቶች ባዶ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አያቴ ግን ሞልተው ይመጣሉ።

እንደሚያውቁት ለእኔ አንድ የሚያምር ነገር ሳይዙ አይወጡም። በዚህ ጥቅል ውስጥ ያለውን ዛጎል ያመጡልኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ሁለት ነበሩ። አንዱን እንደ ሶራ ቀቅዬ ሥጋውን በመርፌ አወጣሁና ዛጎሉን አጠብኩት። ላዩ ላይ ያለው መረብ የሚመስል ሥዕል በሰው እጅ የተሠራ አይመስልም? እርስዎ በዩኒቨርሲቲው የዛጎል ክፍል ውስጥ ስለሚሠሩ ስሙን ያውቁታል ብዬ ላክሁት። ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ውሃውን ስቀይርለት መዳፌ ላይ አደርገዋለሁ። ቀጭን ኩምቢ ያወጣል። አያቴ «እንዳንቺ ነው፤ ያምራል፣ አይናገርም» አሉ።

የት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «ባሕር ውስጥ ነዋ። ዛጎል ተራራ ላይ ይገኛል እንዴ?» አሉኝ።

የአባቴ መርከብ እስከ ክረምት አይመለስም። ይጠንቀቁ፣ አይቅዘቅዝዎት።

ዮንሲል

*

ቡሳን፣ ኦክቶበር 11

ዮንሲል፣

ሰላምታውን ኋላ እጽፍልሻለሁ። በመጀመሪያ ይህን አድርጊ። ሁለተኛውን ዛጎል በእጅሽ እንዳትነኪው። ኩምቢ ያልሽው ነገር ጫፉ ላይ መርፌ አለበት፣ መርፌው መርዝ ይተፋል። ሰው ይገድላል። ማርከሻ የለውም። በእሳት መቆንጠጫ አንሺውና ማሰሮ ውስጥ ክተቺው፤ ሶጁ አረቄ ሙዪበት፣ ክደኚው፣ ድንጋይ ጫኚበት። ይህን ከጨረስሽ በኋላ የቀረውን አንብቢ።

መዳፌ ላይ አደርገዋለሁ ያልሽውን ሳነብ ቁጭ አልኩ። 

ዛጎሉን ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ይህ እንስሳ የሚኖረው ከእኛ በጣም ርቆ፣ በደቡቡ ሞቃት ባሕር ነው። በአገራችን ውሃ ታይቶ አያውቅም። «የት?» ብቻ ነው ያሉኝ። ቦታው ካልታወቀ ዛጎሉ የመስኮት ጌጥ ነው፤ ቦታው ከታወቀ ግን በአገሩ የመጀመሪያው መዝገብ ይሆናል አሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ከተገኘ ሌላም አለ። ወጣት ጠላቂዎች መረባቸው እስኪቀርብ ትናንሹን ዛጎል እጅጌያቸው ውስጥ እንደሚወሽቁ አንቺም ታውቂያለሽ። የመጥለቂያ ልብሳቸው ላስቲክ ከቆዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ይህ እንስሳ ደግሞ ሲጨነቅ ነው የሚወጋው።

የት ነው የተገኘው? እማዬን፣ አያትሽን፣ ጠይቂያት። በየትኛው ሰላጤ፣ በየትኛው ቋጥኝ ሥር? ሴቶቹም ሁሉ ዛሬውኑ ይወቁ።

አክስትሽ ጆንሲም

*

ቦልሌ፣ ኦክቶበር 17

ለተከበሩ አክስቴ፣

አልሞትንም። ዛጎሉ ሶጁ ውስጥ ነው፤ ድንጋይም ጭኜበታለሁ። ጎረቤታችን ሶጁ ስገዛ አይታኝ «ዮንሲል ደግሞ መጠጣት ጀመረች» ብላ ለሱቁ ሁሉ አወራች። 

ደብዳቤዎን ለአያቴ አነበብኩላቸው። መርዙ ጋ ስደርስ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «የት?» የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «የአሮጊቶቹ ባሕር፣ ቦልሌ ብለሽ ጻፊላት» አሉ። ይኸው ጽፌያለሁ።

ስለ መርዙ አያቴ ራሳቸው ለመንደራችን ሴቶች ነገሩ። ጠላቂዎቹ የሚሞቁበት ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ሁሉም ሰሙ። ለሁለት ቀን በወፍራም ጓንት የአሮጊቶቹን ባሕር ድንጋይ እያገላበጡ ፈለጉ። አንድም አላገኙም። አሁን ይቀልዱባቸዋል፤ «ጆምሬ፣ ያ ገዳይሽ ዛሬስ ደህና አደረ?» ይሏቸዋል። አያቴም ይስቃሉ። አያቴ ሲስቁ ትከሻቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያስታውሱ ይሆናል። አሁን አይንቀጠቀጥም።

ጓደኛ አለሽ ወይ ብለው ለጠየቁኝ እስካሁን አልመለስኩም ነበር። አንድ ነበረችኝ። ቹንሀ ትባላለች፣ የሃንድሪ መንደር ልጅ ናት። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እኔ ዝም ስል እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ታወራ ነበር። ትምህርት ካቆምን ወዲህ እሷ ጠላቂ ሆነች። እኔ ውሃ ስለምፈራ ሽንኩርት እተክላለሁ። ገበያ ላይ ስታየኝ ከእጅጌዋ ዛጎል አውጥታ ትሰጠኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አያቴ ሁለቱን ዛጎሎች ያመጡ ዕለት መረባቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። መረቡ ላይ ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነ የባሕር ሣር ተጠምጥሞ ነበር። በዚህ ምንም ማለቴ አይደለም።

ዮንሲል

*

ቡሳን፣ ኦክቶበር 22

ዮንሲል፣

በዚህ ምንም ማለቴ አይደለም ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔም የዚያ መንደር ልጅ ነኝ። በእኛ ባሕር ሰፊው ሣር ከጠፋ ቆይቷል። በመዋኘት በሚደረስበት ርቀት የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእንግዳው ሰላጤ። እሱ ደግሞ የሃንድሪ ነው።

ስሙን ከየት እንዳገኘ ሳትሰሚ አትቀሪም። የሰመጠ ሰው፣ አገሩም ስሙም የማይታወቅ፣ ሰላጤው ውስጥ ተንሳፍፎ ተገኘ። ሰላጤው ያኔ የእኛ ነበር። የእኛ ሰዎች መዘዙን ፈርተው ፊታቸውን አዞሩ። የሃንድሪ ሰዎች ሬሳውን ተሸክመው ቀበሩት። ዳኞቹም ሬሳውን የተሸከመ ባሕሩን ይውሰድ ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ወገን አንዲት ሴት እዚያ ከገባች ከምድጃው ትነሣለች፣ ከእንግዲህም አትጠልቅም። ድንጋይ መቀመጫዋ ለሌላ ይሰጣል። ይቅርታ የለውም፤ እማዬ ራሷ አለቃ በነበረች ጊዜ አንዷን አስነሥታለች።

እኔ የተማርኩት እማዬ ከባሕር ባወጣችው ነገር ነው። ስለዚህ እማዬን ልወቅሳት አልችልም። ዛሬ ፕሮፌሰሩ መልስ መጣ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ «መርከቡ ዘግይቷል» አልኳቸው። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ለሃንድሪ አለቃ በቀጥታ መጻፍ እችላለሁ። ከእኔ እጅ ከሄደ ግን እማዬ ለመናገር ዕድል ሳታገኝ ትፈረድባታለች። አልጽፍም ብልም የሌላ ሰው ልጅ ትሞታለች። የሚጠነቀቁት መጠንቀቅ የማያስፈልጋቸው ሴቶች ናቸው። የሚያስፈልጋቸው አያውቁም።

የፈለግሽውን አድርጊ ልልሽ ነበር። ፈሪነት መሆኑን አይቼ ሰረዝኩት። እንዲህ ነው የምልሽ፤ እማዬን አናግሪያት። ሬዲዮው ማዕበል ነው ብሏል፤ ባሕሩ ረግቶ ሴቶቹ ሳይገቡ።

ጆንሲም

*

ቦልሌ፣ ኦክቶበር 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህን ያህል ቀን ማዕበሉ መርከቡን ስላገደው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። በማዕበሉ ጊዜ አንዲትም ሴት ባሕር አልገባችም። መርከቡ መጣ ማለት ባሕሩ ረጋ ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎም የሃንድሪ ሴቶች ወደ ውሃ መውረድም በአንድ ጠዋት ሆነ።

አያቴን አናገርኳቸው። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልዎ።

«የእንግዳው ሰላጤ ነው አይደል?» አልኳቸው።

ገብስ የተቀላቀለበት ሩዛቸውን እየበሉ ነበር። ማንኪያቸውን አላስቀመጡም። «ማን አለ?»

«ሣሩ።»

«ሣር አፍ አወጣ?» አሉ። «ጆንሲምም አወቀች?»

«አወቁ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አሰብሽ? ሄደሽ አያቴ ሌባ ናት ልትያቸው?»

«ቹንሀ እጅጌዋ ውስጥ ነው የምትወሽቀው፣ አያቴ።»

«ትወሽቅ። ማን ወሽቂ አላት? እኔ በእሷ ዕድሜ መረቤን ከጎኔ አልለይም ነበር።» ኪምቺ አነሡ፣ መልሰው ሳህኑ ላይ ጣሉት። «ዮንሲል፣ በየብስ እኔ ምን ነኝ? ደረጃ መውጣት የማትችል አሮጊት። እዚያ ግን ሰው ነኝ። ከምድጃው ካነሡኝ ከማን ጋር ልቀመጥ? ከአንቺ ጋር? አንቺ አታወሪ።»

 እውነታቸውን ነው።

«ደግሞ ሁለቱን አውጥቻለሁ። ሌላ የለም» አሉ። ከዚያ ሳህናቸውን ራሳቸው አነሡ፤ ራሳቸው አንሥተው አያውቁም። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። «ሦስተኛውን አይቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ፈረስ ከሚመስለው፣ ከፈረሱ ቋጥኝ ሥር። እጄ አልደረሰልኝም።»

አክስቴ፣ ይህን ስጽፍ በመስኮቱ የሃንድሪ ሴቶች በጭነት መኪና ሲያልፉ አየሁ። እየዘፈኑ ነው። መኪናው ወደ ሰላጤው ነው የታጠፈው። ደብዳቤውን ለፖስተኛው ሰጥቼው

*

ቡሳን፣ ኖቬምበር 4

ዮንሲል፣

ደብዳቤሽ መጨረሻ የለውም። የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ጸሐፊው በማጉያው ሲጠራሽ በስልኩ እሰማ ነበር፤ አንቺም አልመጣሽ፣ እማዬም አልመጣች። «ሁለቱም ቤት የሉም» ብሎ ዘጋው። የት እንዳላችሁ ስጠይቀው «እኔ የስልክ ሰው ነኝ፣ የሰው ጠባቂ አይደለሁም» አለ።

አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ። ሁላችሁም በሕይወት እንዳላችሁ ብቻ።

ጆንሲም

*

ቦልሌ፣ ኖቬምበር 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሁላችንም በሕይወት አለን። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ይህን ይያዙልኝ። በስልኩ የጠሩን ጊዜ አያቴን ትኩሳት ይዟቸው ክሊኒክ ነበርን፤ አሁን ለቋቸዋል። ስላስጨነቅኩዎ ይቅርታ።

ያን ጠዋት ሮጥኩ። ሰላጤው ስደርስ ወጣቶቹ ገብተው ነበር፤ የቀሩት ምድጃው ዙሪያ ልብስ እየለበሱ ነው። ብዙ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።  አለቃቸውን ያውቋቸዋል፣ የማንሱ እናት የሚሏቸውን፤ ድምፃቸው ከሞገዱ በላይ የሚሰማ።

«የማን ልጅ ነሽ? ጠፍተሽ ነው?» አሉኝ።

«መርዘኛ ዛጎል አለ» አልኩ። «እዚህ ሰላጤ ውስጥ። ይገድላል። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

«አንቺ?»

አንዷ አወቀችኝ። «ይቺ የጆምሬ የልጅ ልጅ አይደለችም? ቹንሀ የነገረችን? ፊት መታጠቢያ ውሃ የምትፈራው?»

ሁሉም ሳቁ። «ታዲያ እንዴት ገባሽ፣ በጃንጥላ?» አለች ሌላዋ። እኔ መሬቱን ነበር የማየው። በመጨረሻ ሳቁ ቆመ። ቀና ስል አያቴ ከኋላዬ ቆመዋል። የቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው፣ የጎማ ጫማቸውም አንዱ የእኔ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደመጡ አላውቅም።

«መዋሸት እንኳ አትችልም፣ ምስኪን» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

የማንሱ እናት ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «እትዬ ጆምሬ፣ ድንበር ተሻግረው መጡ። በየብስ ነው ወይስ በባሕር?»

«በሁለቱም።»

የማንሱ እናት እንጨት ወደ እሳቱ ገፉ። 

«የእኛ አያቶች ይህን ባሕር ያገኙት ሬሳ ተሸክመው ነው» አሉ የማንሱ እናት። «እርስዎ ምን ተሸክመው መጡ?»

«ልጆቹን አስወጪ። ከዚያ ስደቢኝ።»

አለቃዋ ተነሥተው በጣታቸው አፏጩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቹንሀ በመጨረሻ ወጣች። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለች። እጅጌዋ አብጦ ነበር። ሁላችንም አየነው። የማንሱ እናት በቢላ ከእጅ አንጓዋ ጀምረው ላስቲኩን ቀደዱት፤ ቹንሀ «አዲስ ልብሴን» አለች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ከውስጡ ሦስት ትናንሽ ሶራ ወደቁ። ሶራ ብቻ።

ያ ከሳቃቸው የባሰ ነበር። አንዷ «አሮጊቷ ሰላጤውን ባዶ አድርገን እንድንተውላት ነው» አለች። ሌላዋ «በቦልሌም ያንኑ አውርታለች አሉ፣ ምንም አልተገኘም» አለች። አያቴ ላይ የሰርቆ አደር ስም ተለጥፎባቸዋል፣ ያመናቸው ግን የለም። ሁሉን የጣሉት በከንቱ መስሎኝ ላለቅስ ነበር።

አያቴ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «መንጠቆና መረብ ስጡኝ።»

«ልብስ የለዎትም። ውሃው ቀዝቅዟል።»

«እኔ ያደግሁት በጥጥ ልብስ ስጠልቅ ነው። የፈረሱ ቋጥኝ ሥር ነው። አንቺ ከፈቀድሽ እገባለሁ። ካልፈቀድሽ አልገባም፤ ዛሬ አልሰርቅም።»

የማንሱ እናት የራሳቸውን መንጠቆ ከወገባቸው ፈትተው ሰጧቸው።

ገቡ። አክስቴ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ባሕር ዳር ቆመው የጠበቁ ነዎት፤ ስለዚህ አልገልጽልዎም። ጠላቂ ብቅ ስትል የምታሰማውን የትንፋሽ ፉጨት የሁሉንም ሴት ለይቼ አውቃለሁ። የአያቴ ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ይሰበራል። ጠበቅሁት። አልመጣም። ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። ቹንሀ ክንዴን ስትይዘኝ ነው ውሃው ደረቴ መድረሱን ያወቅሁት። መቼ እንደገባሁ አላስታውስም።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ፤ መጨረሻው ተሰበረ።

መረቡን በመንጠቆው ጫፍ አንጠልጥለው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘውት ነበር። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ያው የመረብ ሥዕል ነው፣ ግን ከሁለቱ የእኛዎቹ ይበልጣል። ትንሽ ቆይቶ ኩምቢውን አወጣ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ የሚፈልገው ሰው እንዳለ ሁሉ። የሳቀ አልነበረም። ቹንሀ የተቀደደ እጅጌዋን አጣጥፋ ያዘችው። እሷ ከመጠራቷ በፊት ወደ ፈረሱ ቋጥኝ እየዋኘች እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

አያቴን ጠቅልለው እሳቱ አጠገብ አስቀመጧቸው። ስሙኝ ብለው ስለ ሌብነታቸው ሊናገሩ ሲጀምሩ የማንሱ እናት «በመጀመሪያ ይሙቁ» አሉ።

ዮንሲል

*

ቦልሌ፣ ኖቬምበር 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ።

አዎ፣ የእኛ ሴቶች ተሰብስበው ፈርደዋል። አያቴ ከምድጃው ተነሥተዋል። አንዳንዶቹ እያለቀሱ ነው የፈረዱት፤ የሳቀችም ነበረች። መቀመጫ ድንጋያቸው ለሌላ ተሰጥቷል። አያቴ አልተከራከሩም። «እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ነበር የምፈርደው» አሉ። የላስቲክ ልብሳቸውን በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ ዱቄት ነስንሰው አጠፉት። ሲያጥፉት ከክፍሉ ወጣሁ።

እንደጻፉልኝ፣ ፕሮፌሰሩ ከጠላቂዎች ጋር ሊመጡ መሆናቸውን ለማንሱ እናት ነግሬያለሁ። በደብዳቤ ሳይሆን በአፌ ነው የነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ ሰላጤው ተዘግቷል፤ ሴቶቹ በሌላው ባሕራቸው እጅጌያቸውን ከጓንታቸው ጋር አስረው ነው የሚገቡት።

ቹንሀ ደህና ናት። በገቡ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፣ በራችንን ሳታንኳኳ። ከእያንዳንዷ የሃንድሪ ሴት መረብ አንድ አንድ እፍኝ የተሰበሰበ ሶራ ትይዛለች፤ ለራሳቸው አሮጊቶች እንደሚያደርጉት። የመጀመሪያ ቀን አያቴ «ምጽዋት አልበላም» ብለው ወደ በሩ ገፉት። ቹንሀ «ምጽዋት አይደለም፣ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ካልወሰዱ የማንሱ እናት እኔን ነው የሚጮሁብኝ፣ ጩኸታቸውን ያውቃሉ» አለች። አያቴ ይህንን አምነው ተቀበሉ። ከዚያ ተቀምጣ ስለ ሁሉም ሴት ታወራላቸዋለች፤ ማን ምን አወጣች፣ ማን ከማን ተጣላች። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ትናንት አያቴ ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚመዘገብ፣ በማን ስም፣ በየትኛው ቦታ ብለው ጠይቀዋል። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያው ይሁን ማለታቸውን ለአያቴ አነበብኩላቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ያ የተሰረቀ ነው። የመጨረሻውን ይጻፉ።»

«የመጀመሪያው ሲባል መጀመሪያ የተገኘው ነው፣ አያቴ።»

«ባሕሩ የእነሱ፣ ዛጎሉም የእነሱ። እኔ አውጪ ብለውኝ ያወጣሁት አንድ ነው።»

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት በሶጁ አድርጌ የላክሁልዎን ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ ይመዝግቡ። ቦታው የእንግዳው ሰላጤ፣ ሃንድሪ፣ ከፈረሱ ቋጥኝ ሥር። ያወጣችው ካንግ ጆምሬ። ከሥሩ ደግሞ «በሃንድሪ ሴቶች ፈቃድ» ተብሎ ይጻፍ ብለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ላይኖር እንደሚችል ነገርኳቸው።

«ጠባብ ቢሆንም ያስገቡት» አሉ። «እኔ በዚህ ጉልበቴ ገብቻለሁ።»

ዮንሲል